ሰማያዊ አትልበሱ

«ምን ዓይነት ቀለም ያለው ልብስ ይዘን እንምጣ?» ብለው ይጽፉልኛል፤ ከሩቅ አገር፣ አንዳንዶቹ ከመምጣታቸው ዓመት አስቀድመው። እኔ ፓርኩ ዳር ባለው ሎጅ ቢሮ ደብዳቤ መላሽ ነኝ። በየትኛው ወር ቢመጡ ዝሆኖቹን ወንዝ ወርደው እንደሚያገኟቸው፣ ስንት ቀን ቢቆዩ እንደሚበቃቸው፣ የፓርኩ በር በስንት ሰዓት ተከፍቶ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ መኪናው ላይ መቆም ክልክል መሆኑን ሁሉ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። ቀለሙን ግን ከሁሉ አስቀድማለሁ። ሰማያዊ አትልበሱ። የገንዲ ዝንብ ሰማያዊ ይወዳል፤ ከሩቅ አይቶ ይመጣል፤ ንክሻው ወፍራም ልብስ ያልፋል።

ከዚህ በላይ ምክንያት አልጽፍም።

እኔ ግን ሰማያዊ ለብሼ ገብቼ አውቃለሁ። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ፣ የአያቴ የበኩር ልጅ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበርኩ።

በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ስሙ ሜዳ ላይ አይጣልም። ከእናት ወገን አንድ ሰው ተመርጦ ስሙን ይወርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ሟቹ እሱ ነው። አጎቴ ጃይሎስን ሉዋንግዋ ወንዝ በላው የተባለ ጊዜ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሬሳው አልተገኘም። የተገኘው ወንዙ ዳር፣ ፓርኩ ባለበት ማዶ፣ አሸዋ ላይ የተወ ሰማያዊ ሸሚዝ ብቻ ነው። ዓመት ጠበቁት። ዓመቱ ሲያልፍ የማሽላ ጠላ ተጠመቀና ሰሌን ላይ አስቀመጡኝ፤ በእናቴ ወገን ከእኔ ሌላ ልጅ አልነበረማ። አንድ ሽማግሌ ውሃ በአፉ ይዞ ደረቴ ላይ እፍ አለብኝ። በቀኝ እጄ አንጓ ላይ ነጭ ዶቃ አሰሩልኝ። አያቴ ፊቴ ተንበርክካ፣ «ልጄ ጃይሎስ፣ እንኳን ደህና መጣህ» አለችኝ። ሴቶቹ እልል አሉ። ኬዝያ የሚባለው ስሜ ያን ቀን ከሰሌኑ ጋር ተጠቅልሎ ተነሳ።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር፤ አልዋሽም። ከወንዶቹ ጋር ንሲማ፣ የበቆሎውን ገንፎ፣ እበላ ጀመር፤ የዓሣው ራስ ለእኔ ሆነ። የጃይሎስ ታናሽ ወንድም፣ ለፈረንጆች አስጎብኚ የሆነው አጎቴ ዮታም፣ ያ ግንድ የሚያህል ሰው፣ ጠዋት ጠዋት በጓሯችን ሲያልፍ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ጋሼ፣ እንዴት አደርክ?» ይለኛል። እናቴ ማሊታ ሰው ፊት አታዘኝም፤ «ወንድም ጋሼ፣ ያቺን ቅል ብታቀብለኝ» ትላለች እንጂ። ሰው በሌለበት ድስቱን የማጥበው ያው እኔ ነበርኩ። የማታከብረኝ አንዲት ሰው የዮታም ልጅ ዶሮፊያ ብቻ ናት። በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ወገኗ በእናቷ ስለሚቆጠር ግን ስሙ አልደረሳትም።

«አጎቴ! አጎቴ ጃይሎስ!» ትለኛለች መንደሩ እስኪሰማ እየጮኸች። «ንፍጥህ አፍህ ሊገባ ነው፤ አንድ ትልቅ ሰው ጥራና ያስናፍጥህ!»

ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። ይይዘኛል፣ ይለቀኛል፣ እንደገና ይይዘኛል። ሲይዘኝ በቀትር እንቀጠቀጣለሁ። የሸምበቆው አጥር እየተጠጋ፣ እየተጠጋ መጥቶ ደረቴ ላይ ይቀመጣል። አንድ ቀን እንደዚያ ሆኜ ማንጎው ጥላ ስር ተኝቼ ሳለሁ አያቴና አጎቴ ዮታም ከአጥሩ ጀርባ ሲያወሩ ሰማሁ። የተኛሁ መስሏቸዋል።

«መጣ እኮ ነው የምልሽ፣ እማዬ» አለ ዮታም። «ሁለት ጊዜ መጣ። ፓርኩ ውስጥ፣ ሾላው ስር። ስሜን መልሱልኝ ነው የሚለው።»

ዶሮ ሲጭር ይሰማኛል።

«ስሙማ ሰው ላይ ነው» አለች አያቴ።

«ነገርኩት። ይዳረቃል። ሰለቸኝ ይላል።»

«ሁለት ሰው በአንድ ስም አይኖርም። ልጅቷን አታይም እንዴት እንደምትነድ? ግፊያ ነው፤ ከውስጥ እየተጋፉ ነው። አንዱ መውጣት አለበት።»

በዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ «ልጅቷ» ተባልኩ። ከትኩሳቱ ይልቅ ያቺ ቃል አጥንቴ ገባች።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለ ዮታም።

«ወስደህ ታሳያታለህ። የሰጠሁትን ስም እኔ መንጠቅ አልችልም፤ መመለስ የሚችለው የያዘው ብቻ ነው። አይታ ካወቀችው፣ ስሙን ትመልስለታለች። አላየሁም ካለች ግን፣ አፏ አፉ ነውና፣ እሱ ራሱ በገዛ አፉ የለሁም ማለቱ ነው። ያኔ አርፎ ይተኛ።»

እናቴ ከወዲያ መጣች፤ ኮቴዋን አውቀዋለሁ። «ወባ ነው» አለች። «ምንም ሌላ ነገር አይደለም፤ ወባ ነው። ጤና ጣቢያ ልውሰዳት።»

«ሁለቴ ወሰድሻት፤ ሁለቴም ተመለሰባት» አለች አያቴ።

እኔ የተረዳሁት ይህን ነው። የሞተው ሰውዬ ፓርኩ ውስጥ ሾላ ስር ቆሞ ስሙን ይጠይቃል። ስም ከሰው የሚለቀው ደግሞ ሰው ሲሞት ብቻ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሰሌን ላይ ያስቀመጡኝ ለዚያ አይደል? እንግዲህ ካየሁት ስሙን እመልሳለሁ፤ ከመለስኩ እሞታለሁ። የቀረው መኪናና ቀን መቁረጥ ነው።

ቀኑ ተቆረጠ። የሎጁ ባለቤት ለዮታም የአሥር ዓመት ሥራ ምስጋና ብሎ ጣራ የሌለውን ላንድሮቨር ለአንድ ቀን ሊሰጠው ፈቀደ፤ በነሐሴ፣ በእኛ አገር በጋ በሆነው ወር፣ አዲሶቹ እንግዶች ከመግባታቸው በፊት ባለው እሑድ። መንደሩ ጉድ አለ። ዕድሜ ልካችንን ከወንዙ ወዲህ ኖረን፣ ዝሆን በቆሏችንን እየበላው አድገን፣ እንደ ፈረንጅ በመኪና ሆነን አውሬ ልናይ!

«ቤታችሁ ድረስ የሚመጣውን ዝሆን ልታዩ?» አሉን ጎረቤቶች። «ጠብቁት እንጂ፤ ራሱ በእግሩ ይመጣላችሁ የለ!»

ዮታም ግን ለእንግዶቹ እንደሚያደርገው አደረገ። ጓሮ አሸዋ ላይ ቁጢጥ ብሎ በማንጎ ፍሬ መኪናውን ሠራ። «ይሄ እኔ ነኝ፤ ቀኝ ፊት። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት በሩ ሲከፈት እንገባለን። አምስት ሰዓት ላይ ጉማሬዎቹ ጋ ምሳ። ስምንት ሰዓት ላይ ጥላ ይዘን እናርፋለን። አሥር ሰዓት ላይ ወንዙ የሚታጠፍበት ጋ እንቆማለን።»

«እዚያ ምን አለ?» አለች ዶሮፊያ።

«ሾላ አለ» አለ አባቷ። አያቴን አየት አደረጋት። «ዝሆን ይወርዳል እዚያ።»

ሁለት ፍሬ ከኋላ በግራ በኩል አስቀመጠ። «እማዬ እዚህ። ጋሼ እዚህ፣ ከእሷ ውጪ፣ ጠርዙ ላይ።»

«ለምን እሱ ጠርዝ ላይ?» አለች ዶሮፊያ። «እኔ ነኝ ማየት የምፈልገው!»

«ታላቅሽ ነዋ!»

«ታላቄ! ትናንት ልብሱ ላይ የሸና ታላቅ!»

ሁሉም ሳቁ፤ እናቴ ብቻ አልሳቀችም። እኔ በግራ ጠርዝ ላይ የተቀመጠችውን ፍሬ አያለሁ። ከሌሎቹ ታንሳለች። ዮታም ሊነሳ ሲል ሌሎቹን ሰብስቦ እሷን ረሳት፤ እዚያው አሸዋው ላይ ቀረች። ይሄም ገባኝ። በመኪናው የሚመለሱት ሌሎቹ ናቸው ማለት ነው።

ዛሬ ሳስበው ዮታም ያን ቀን እንዲሁ ረስቶ ይሆናል የተዋት። ልጅ ሲፈራ ግን የሚረሳ ነገር የለም፤ ሁሉ ነገር ሆን ተብሎ ነው።

ሐሙስ ዕለት የልብስ ክርክር ሆነ። ዮታም የሁላችንን ልብስ አስቀርቦ መረጠ፤ ቡኒ፣ አመድማ፣ የደረቀ ሣር የሚመስል። አያቴ ከሣጥኗ ያንን ሰማያዊ ሸሚዝ አወጣችው። እጅጌው ለእኔ ልክ አጥሯል፤ ታችኛው ጫፍ ተቆርጦ ተሰፍቷል። የአሸዋው ሽታ አሁንም አልለቀቀውም።

«እማዬ፣ ሰማያዊ አይሆንም!» አለ ዮታም። «ዝንቡ ይበላታል፤ ለእንግዶቼ እንኳ አልፈቅድም።»

«እንግዶችህ ዘመድ የላቸውም እዚያ» አለች አያቴ። «ይህን ልብስ ግን አይቶ የማይለየው የለም።»

ማን እንደሚለየው አልተናገረችም። ዶሮፊያ በጆሮዬ፣ «የሞተበት ሸሚዝ እኮ ነው» አለችኝ፤ እሷም እየፈራች መሆኗ ድምፅዋ ያስታውቃል። «ሸሚዙን ፍለጋ ከመጣ አውልቀህ ወርውርለት እሺ? ዝም ብለህ ወርውርለት።» ያቺ ልጅ ለእኔ ያሰበች ያን ጊዜ ነው። እስከ ዛሬ አልረሳሁላትም።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ እንጨት እንልቀም ብላ ከመንደር አወጣችኝ። ጉብታው ጀርባ ተቀመጠችና ከመቀነቷ የተጠቀለለ ነገር ፈታች። ነጭ ዱቄት ነው፤ በለውዝ ለጥፋ አጎረሰችኝ። እሬት እሬት አለኝ። ልተፋው ስል አፌን በመዳፏ ያዘችው።

«ዋጪው። ኬዝያዬ፣ ዋጪው የኔ እናት። ለማንም እንዳትናገሪ። ነገም አለ፤ ከነገ ወዲያም አለ።»

በሴት ጠራችኝ። ስሜን፣ ከሰሌኑ ጋር ተጠቅልሎ የሄደውን ስሜን፣ ከየት አምጥታ እንዳወጣችው አላውቅም። እቅፏ ውስጥ ሆኜ፣ ይሄ መሰናበቷ ነው አልኩ። የሚሞት ሰው በእውነተኛ ስሙ ይሸኛላ።

የወባ መድኃኒቱ ክሎሮኪን ነበር፤ የሦስት ቀን። እናቴ ከጤና ጣቢያው ሠራተኛ ጋር ተጣልታ፣ ለምና፣ መጨረሻ ላይ ሙሉውን አስቆጥራ አምጥታው ነው። በፊት ሁለቱንም ጊዜ አያቴ፣ «ትኩሳቱ ከለቀቃት ምን ያደርጋል መራራ ማጉረስ» ብላ ግማሹ ላይ አስቁማት ነበር። ይህን ሁሉ የነገረችኝ የራሴን ልጅ ወልጄ፣ እሱም በወባ በተያዘ ጊዜ ነው።

እሑድ ጠዋት ገባን። በሩ ላይ ጠባቂው ቆጠረን፤ አምስት ብሎ ጻፈ። ስንወጣም ቆጥሮ እንደሚጽፍ ዮታም ነገረን። «ማንም መኪናው ላይ አይቆም። ማንም አይወርድ። ማንም አይጩህ። ተቀምጠን ስንሄድ ለአውሬው እኛና መኪናው አንድ ትልቅ እንስሳ ነን። የተነሳ ሰው ግን ሰው ሆኖ ይታየዋል።»

እጄን ከጭኔ ስር አስገባሁ። ሰው ሆኜ መታየት አልፈለግኩም።

ያን ቀን ያየሁትን ዛሬ እንግዶች በስንት ድካም መጥተው ያዩታል። ድልድዩ ስር የጉማሬዎቹ ጀርባ እንደ ጥቁር ድንጋይ ተደርድሮ፣ ከድንጋዮቹ አንዱ ተነፈሰ። ቀጭኔዎች መንገዱን ሲሻገሩ እግራቸው ድምፅ የለውም። ዶሮፊያ በደስታ ታንቃ ልትሞት ነበር፤ «እዪ! እዪ! እይ! አጎቴ እይ!» ትላለች። እኔ የማየው ሌላ ነው። ዛፎቹ ሁሉ እስከ አንድ ልክ ድረስ ተበልተዋል፤ ከዚያ ልክ በታች ቅጠል የለም። ከግንዶቹ መካከል በጣም ሩቅ ድረስ ይታያል፤ እና በዚያ ሩቅ ውስጥ ሁልጊዜ የቆመ ነገር አለ። ቀረብ ስንል ጉቶ ይሆናል። ወይ ድኩላ ይሆናል። ቀረብ እስክንል ግን ሰው ነው።

አያቴ ምሳ አልበላችም። አንበሶቹን ባየን ጊዜ ጥቂት ጎንበስ ብላ፣ «ጌቶቼ፣ አላፊ ነን» አለቻቸው። ከዚያ በቀር ቃል አልወጣትም። ከጠዋት ጀምሮ ቀኝ እጇ ሸሚዜን ከጀርባ ጨብጦ ይዞታል። እንዳልወድቅ ይሁን እንዳላመልጥ አላወቅኩም።

አሥር ሰዓት ላይ ወንዙ የሚታጠፍበት ደረስን። ዮታም ሞተሩን አጠፋ።

ዝምታው ወደ መኪናው ገብቶ የተቀመጠ መሰለኝ። ዝንጀሮዎች ነበሩ፤ እነሱም ተዉ። ወንዙ ደርቆ ወደ ማዶው ተጠግቷል፤ ከእኛ ወዲህ ሰፊ አሸዋ፣ ከአሸዋው ጫፍ ሾላው። ዶሮፊያ በሙቀቱ ደክማ የእናቴ ጭን ላይ ተኝታለች። እናቴ ጉልበቷን ታያለች፤ ቀና አላለችም።

ዓይኔን ጨፈንኩ። የእኔ ዕቅድ ያ ነበር፤ ከሐሙስ ጀምሮ ያሰብኩት። ካላየሁት አላውቀውም፤ ካላወቅኩት አልመልስም። ጨፍኜ መቁጠር ጀመርኩ። ሃያ ላይ ስደርስ ዝንቡ መጣ። ድምፁን ሰማሁ፤ አንገቴ ላይ አረፈ፤ እንደ ጋለ መርፌ የሸሚዙን ኮሌታ አልፎ ወጋኝ። ሳላስበው ዓይኔ ተከፈተ፤ ቀኝ እጄ ከጭኔ ስር ወጥቶ ወደ ላይ ተነሳ።

ሰውዬው ሾላው ስር ቆሟል።

ጉቶ አልሆነም። ድኩላ አልሆነም። ከወገቡ በላይ እራቁቱን ነው፤ ሸሚዙ እኔ ጋ ነዋ። የጎድን አጥንቱ ከዚህ ይቆጠራል። ፊቱ ወደ እኔ ነው። እኔ እጄን ባነሳሁበት ቅጽበት እሱም ቀኝ እጁን አነሳ። ልክ በውሃ ውስጥ ራሴን ያየሁ ያህል። እጄን አወረድኩ፤ እሱም አወረደ።

ሸሚዜን የያዘው የአያቴ ጭብጥ ጠበቀ።

«ልጄ ጃይሎስ» አለችኝ፤ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነው። «ሾላው ስር ምን አየህ?»

«ምንም።»

«ደህና አድርገህ እይ።»

«ምንም የለም።»

«ሦስተኛ እጠይቅሃለሁ፤ ከዚህ በኋላ አልጠይቅህም። ሰው አየህ?»

«ድኩላ ነው» አልኩ። «ሄደ።»

አያቴ እጇን ከሸሚዜ ላይ አነሳች። «ሰማችሁ» አለች። «በገዛ አፉ ነው የተናገረው።»

ዮታም ቁልፉ ላይ እጁን አድርጎ ቀረ። ጀርባውን ብቻ ነው የማየው፤ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል። «እማዬ…» አለ።

«ንዳ።»

ነዳ። ወደ ኋላ አልዞርኩም። በሩ ላይ ጠባቂው ቆጠረን፤ አምስት ብሎ ጻፈ። ልቤ የዚያን ጊዜ ነው የመታው፤ አምስት ነን፣ እኔም አለሁበት!

ከዚያ ወዲያ ሁሉ ነገር ቀና። ሰኞ ላብ አጠመቀኝ። ማክሰኞ ትኩሳቱ የለም። ረቡዕ ንሲማ ሁለት ሳህን ጠራርጌ በላሁ፤ አያቴ አጠገቤ ተቀምጣ ስበላ አየችኝ፤ ከዚያ ተነስታ ከጎረቤት ጠላ አስመጣች። በዚያው ቀን መንደሩ ተሰብስቦ ጨፈረ። ሙታኑ አርፈዋል፤ ግፊያው አልቋል። እኔም ጨፈርኩ። አሸነፍኩት ብዬ ጨፈርኩ። በጭፈራው መሃል ዮታም ብቻ የለም። ወደ መሻገሪያው ወርዷል ተባለ፤ ማታ ተመልሶ፣ «ታንኳዋን ላያት ነው» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላ ቀምሶ አያውቅም።

አያቴ ከስድስት ዓመት በኋላ ስትሞት የበኩር ልጇ ሆኜ ቀበርኳት። መጨረሻ ላይ የተናገረችው ለእኔ ነው። «አልተቀየምከኝም አይደል?» አለችኝ። ማንን እየጠየቀች እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። «አልተቀየምኩም» አልኳት።

የገባኝ ባለፈው ሰኔ ነው። ዶሮፊያ ዛሬ እንደ አባቷ አስጎብኚ ናት፤ በወረዳው ሴት ሆና መኪና ይዛ የገባች የመጀመሪያዋ እሷ ሳትሆን አትቀርም፤ ቢያንስ ራሷ እንደዚያ ትላለች። የአባቷ ዓይን እየጠፋ ነው። «ጨርሶ ሳይጨልምብኝ አንድ ጊዜ አስገቡኝ» አለ። እኔና እሱ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ጉዞውን እናሰናዳ ጀመር። አሸዋ የለም፤ ሲሚንቶው ላይ የማንጎ ፍሬ ደረደረ፤ በዳበሳ።

«አሥር ሰዓት ላይ ወንዙ የሚታጠፍበት ጋ» አለ። ትንሿን ፍሬ በጣቱ መካከል ያሻሻታል። «ጋሼ፣ አንድ ነገር አለ። ይዤው እንዳልሞት።»

ጃይሎስ አልሞተም ነበር። ከማይታወቁ ሰዎች ጋር ለዝሆን ጥርስ ገብቶ፣ ጠባቂዎቹ ደርሰውባቸው፣ ተበትነው፣ የሚፈለግ ሰው ሆነ። ሸሚዙን አሸዋው ላይ አውልቆ የተወው ራሱ ነው፤ ሞተ እንዲባል። ሁለት ዓመት ጫካ ለጫካ፣ ዓሣ አጥማጆች ጋ፣ እዚህም እዚያም ሞቶ ኖረ። መሞት ሲሰለቸው ዮታምን ፈልጎ አገኘው። ወደ ቤት ልመለስ፣ በመንደሩ አለቃ ፊት ልቅረብ፣ የሚመጣብኝን ልቀበል አለ። ስሙ ግን እኔ ላይ ነበር።

«በዚያ እሑድ አሥር ሰዓት ላይ ሾላው ስር ቁም አልኩት» አለ ዮታም። «ልጅቷ ካወቀችህ ሰላም ትልሃለች፤ ሰላም ካለችህ ማታ ታንኳ ይዤ መሻገሪያው ላይ እመጣለሁ አልኩት። አንተም እጅህን አነሳህ።»

እጄ ወደ አንገቴ ሄደ።

«ዝንቡን ነው የመታኸው። እኔ በመስተዋቱ አይቼሃለሁ፤ አንገትህ ላይ ነበር። እሱ ግን ሩቅ ነው፤ ዝንብ አይታየውም። ሰላም አለኝ ብሎ መለሰልህ።»

«አያቴስ?» አልኩ። «አላየችውም?»

«እናት ልጇን ሳታይ ትቀራለች? ከሁላችን በፊት ነው ያየችው። ግን ሕግ ነው፤ ሰጥታለች። ደግሞ አንተ እየሞትክ ነበር።» በጣቱ ዓይኑን ጠረገ። «እሷ ንዳ ካለች በኋላ ታንኳዋን ይዤ ሄጄ ማን ብዬ ላሻግረው? ስም የሌለው ሰው ማን ተብሎ ይገባል? ሁለት ሌሊት ከወንዙ ማዶ እሳቱን አየሁት። ትንሽ እሳት። በሦስተኛው ቀን አልቻልኩም፤ ወረድኩ፤ ተሻገርኩ።»

«እና?»

«አመድ። የእግሩ ኮቴ ከአመዱ ተነስቶ ወደ ውሃው ገብቷል። በዋና ሊመጣ ነው። ተስፋ ቆርጦ እንዳይመስልህ፤ ኮቴው አልተጎተተም፣ ፈጥኖ የሚሄድ ሰው ኮቴ ነው። በወዲህኛው ዳር ሰባት ጊዜ ተመላለስኩ። የወጣ ኮቴ የለም።»

ሰባተኛው ምልልስ ላይ ሳለ ከመንደር ከበሮው ይሰማው ነበር። የእኔ ጭፈራ።

ዮታም የማያይ ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ። «ሳላርፍ የኖርኩት በአንድ ነገር ነው» አለ። «አንዳንዴ፣ አይቶት ይሆን? እላለሁ። ልጅ ነው፣ ፈርቶ ይሆን? ከዚያ፣ የለም፣ አላየውም፣ ዝንቡን ነበር የሚያየው፣ የማንም ጥፋት አይደለም እላለሁ። ጋሼ፣ አላየኸውም አይደል?»

ወንዙ ከበረንዳው ይሰማል።

«አላየሁትም» አልኩ። «ድኩላ መሰለኝ።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ጉልበቴን ፈልጎ አገኘና ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው። «ተባረክ» አለ። «ተባረክ፣ ወንድሜ።» ከዚያ ፍሬዋን በግራ ጠርዝ ላይ አስቀመጣት።

እሑድ ገባን። ዶሮፊያ ነዳች፤ ለአባቷ ያየችውን ሁሉ እየጮኸች ትነግረዋለች። አሥር ሰዓት ላይ ወንዙ የሚታጠፍበት ጋ ሞተሩን አጠፋች። ሾላው አለ። ዝንጀሮዎቹ ዝም አሉ። የደረቀ ሣር የሚመስል ልብስ ለብሻለሁ፤ ቢሆንም አንድ ዝንብ መጣ፤ አንገቴ ላይ አረፈ፤ ወጋኝ።

እስኪጠግብ ተውኩት። እጆቼን ከጭኔ ስር አስገብቼ ነው የተቀመጥኩት።